በኛ ነው በፈረንጅ?

አራት ኪሎ፣ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ፣ ሰሞኑን አራት ጓደኛሞች ማኪያቶ ይዘው የሞምባሳ ጉዞ ሲያቅዱ ነበር። ሆቴል አይፈልጉም፤ ሰው የማይበዛበት፣ ዓለቱ ውስጥ የተፈጥሮ ገንዳ ያለበት ዳርቻ ነው የሚፈልጉት። ጥሩ ምርጫ ነው። አንደኛው ስልኩን ገልጦ «ውሃው የሚጎድለው 10፡05 ነው። ምሳችንን በልተን፣ ትንሽ ጋደም ብለን፣ ቀስ እያልን እንደርሳለን» አለ። ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በኛ ነው በፈረንጅ?» ያለ ግን አንድም አልተገኘም።

ይህች ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥላ መምጣት የነበረባት ናት። መሥሪያ ቤቱ 2፡30 ይከፈታል፣ ስልኩ 8፡30 ይላል፣ የሠርግ ካርዱ ላይ 6፡00 ተጽፏል፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ላይ 06፡00 ተጽፏል፤ የአዲስ አበባ ሰው ጭንቅላት ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ቀጠሮ ሲሰጥ ግን ቁጥሯን ብቻ ወርውሮ ዝም ነው። ሌላው አስፋልት ዳር ተገትሮ ውሎ ሲደውልለት መልሱ የታወቀ ነው፦ «ውይ! እኔ እኮ በፈረንጅ ነው ያልኩህ።» ይቅርታ የለም፣ ሳቅ ብቻ። ጥፋተኛው ሰዓቱ ነው።

ከተማ ውስጥ የዚህ ስህተት ዋጋ የአንድ ማኪያቶ ሒሳብና የሁለት ቀን ኩርፊያ ነው። ጠረፍ ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። የሕንድ ውቅያኖስ በኬንያ ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከጉድለት እስከ ሙላት ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ስድስት! ልክ በኛና በፈረንጅ መካከል ያለችው ስድስት። ስለዚህ 10፡05ን በኛ ያነበበ ሰው ጥቂት አርፍዶ አይደርስም፤ የሚደርሰው ልክ በተቃራኒው ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ዓለቱ ራቁቱን ወጥቶ ገንዳዎቹ ሰማይ ሲያንጸባርቁ፣ እሱ ገና እንቁላል ፍርፍሩን እየጠበቀ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ከሦስት ሜትር ውሃ ሥር ገብቷል። ከዚያ አራት ኪሎ ይመለስና «ምንም የለም እዛ፣ ውሃ ብቻ ነው» እያለ ያወራል።

የሚገርመው ደግሞ የጠረፉ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ መሆኑ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት በስዋሂሊ «ሳ ኔ» ነው፤ ኔ ማለት አራት። ዓሣ አጥማጁ አራት ሲል ስልኩ አሥር ይላል። የኛ ሰው ታዲያ ከዓሣ አጥማጁ ስልኩን ያምናል፤ ስልኩን ካመነ በኋላ ደግሞ በኛ ያነበዋል።

እዚሁ በረንዳ ላይ የባሕር በር ወሬ ሲነሳ ሁሉም አድሚራል ነው። ወደቡን ይለካል፣ መርከቡን ያሰልፋል። ውሃው በቀን ስንቴ እንደሚጎድል ጠይቁት እስቲ። አይፈረድበትም፤ ላንጋኖ ጠዋትም ማታም ያው ላንጋኖ ነው፣ ጣናም ቢሆን ለዓይን የሚታይ ዕለታዊ ሙላትና ጉድለት የለውም። ስዋሂሊዎች ኃይለኛውን ሙላትና ጉድለት «ባምቩዋ» ይሉታል፤ ደካማውን «ማጂ ማፉ»፣ የሞተ ውሃ። እኛ ለዕለት ንግግር የቀረን ባሕር ባሕረ ሐሳብ ነው፤ እሱም በዓል ማውጫ ነው።

በዓል ከተነሳ፣ ሌላም ጣጣ አለ። ውሃው በደንብ የሚሸሸው ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ወይም አዲስ ከተወለደች በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ነው። በኬንያ ጠረፍ ያ ትልቁ ጉድለት ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ይውላል፤ ለጎብኚ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ሳምንት ሲያልፍ የሞተው ውሃ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ገንዳዎቹ በቅጡ ሳይገለጡ ተመልሰው ይሸፈናሉ። የኛ ሰው የሚሄደው መቼ ነው? ለፋሲካ! ፋሲካችን የሚውለው ሙሉ ጨረቃዋ ካለፈች ብዙ ጊዜ ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። በዚያ ላይ ሚያዝያና ግንቦት የጠረፉ ዋነኛ የዝናብ ወራት ናቸው። ጨረቃው ሞቶ፣ ዝናቡ ወርዶ፣ ሰዓቱ ተገልብጦ፣ ጥፋቱ የኬንያ።

ደርሶ የተገኘ ሰው እንኳ መግባት እንጂ መውጣት አያውቅም። መግባት ከጉድለቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ሸሺውን ውሃ እየተከተሉ ነው። ጉድለቱ ላይ ሲደረስ ፊትን ወደ የብስ ማዞር። ውሃው ሲመለስ አካሄዱ እኩል አይደለም፤ ጠቅላላ ከፍታውን ለአሥራ ሁለት ብታካፍሉት፣ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ እጅ ይጨምራል። ከፍታው 3.2 ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ሰዓት 27 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው ይዘናጋል። ሦስተኛው ሰዓት 80 ሳንቲ ሜትር ነው። የዓለቱ ጫፍ ደግሞ ከኋላው ካለው ቦይ ከፍ ስለሚል፣ ውሃው መጀመሪያ የሚሞላው ከጀርባ ነው። ጫፉ ላይ ቆሞ ራሱን ፎቶ የሚያነሳው ሰው እግሩ ደረቅ ሆኖ ሳለ መመለሻው ይዘጋል። ደግሞም ጉድለቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ባለፈው ሳምንት የሄደ ጓደኛ የነገረህ ሰዓት የባለፈው ሳምንት ነው።

ጫማ፦ ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ዓለቱ ምላጭ ነው። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ ሳለ የበቀለ ኮራል፣ የጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ቀርቶ፣ ዝናብና ጨው፣ ቦርቧሪ እንስሳትም ፈልፍለውት ነው ገንዳ ያወጣው። ኮንጎ ጫማ ውሃውን ቶሎ ያፈሳል፣ አረንጓዴው ላይ ግን ያንሸራትታል። ሶሉ ያላለቀ አሮጌ ሸራ ጫማ ከሁሉም ይሻላል።

አሁን ወደምወደው ተረት ልግባ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ይህን ያለ ደገኛ ምናልባት የወንዝ ዓሣ እንጂ ሌላ አላየም፤ ግን ካናማይ ቆሞ የተናገረው ይመስላል። ካናማይ ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ ከምትዋፓ አለፍ ብሎ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ዓለቱ ገንዳ በገንዳ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ሞሬይ የሚባል እባብ መሳይ ዓሣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ እጁን የሚሰድለትን ይነክሳል። የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ድንጋይ ዓሣ አለ፣ ስሙ እንደሚለው ድንጋይ መስሎ ይተኛል፤ የረገጠ ሰው እግሩን እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስ፣ በሚችለው ልክ በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነክሮ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ኮን የሚባለው ቀንድ አውጣ ደግሞ የሁሉም ቆንጆ ነው፣ ቅርፊቱ ጥልፍ ይመስላል፤ መርዛም ቀስት ስላለው ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። ሰው አንስቶ ኪሱ የሚከተው ይኼንኑ ነው፤ ቆንጆ ነዋ!

ኪስ ስል ቡፌው ትዝ አለኝ። ሳሎን ውስጥ፣ ከዳንቴሉ በላይ፣ ከአበባ ማስቀመጫው ጎን፣ ትልቅ የባሕር ቅርፊት ይቀመጣል፤ እንግዳ ሁሉ ጆሮው ላይ አድርጎ «ባሕሩ ይሰማል!» እንዲል ይገደዳል። አይሰማም፤ የሚሰማው የክፍሉ የራሱ ድምፅ ነው ቅርፊቱ ውስጥ የሚያስተጋባ። ዛጎል ከጥንትም እንወዳለን፣ አገልግል እናስጌጥበታለን፣ ዕጣ የሚጥልበትም አለ፤ ያ በንግድ የመጣ ነው። ይኼኛው ግን ቤት ነው። ተከራዩ ለስላሳ ሆድ ያለው ሸርጣን ነው፤ ባዶ ቅርፊት ካላገኘ ፀሐይና አዳኝ ይፈጁታል። አዲስ ቅርፊት ሲገኝ ሸርጣኖቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ተከታዩ የእሱን፣ ከዚያ የሚቀጥለው የዚያን ይይዛል። ደላላ የለም፣ የስድስት ወር ቅድሚያ የለም። በቤት ኪራይ እንቅልፉን ያጣ የከተማችን ሰው ነው እንግዲህ ባዶ ቤት በቦርሳው ጭኖ የሚሄደው! ባዶ ባይሆንስ? በሦስተኛው ቀን ሳሎኑ ሲገማ ያውቀዋል። ዋታሙና ማሊንዲ ከ1968 ጀምሮ የባሕር ፓርክ ናቸው፤ እዚያ ማንሳቱ ክልክል ነው። (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ። ይኸው እኔም ሳልናገር ላልፍ ነበር።)

ድንጋይ የሚገለብጡትስ? ከሥሩ ያለው ፍጥረት ጥላ የለመደ ነው። ገልብጦ እንደነበረ ሳይመልስ የሚሄድ ሰው፣ በሰው ቤት ጣሪያ አንስቶ ፎቶ ካነሳ በኋላ የሚወጣ ነው። በፌስታልም ነገር ኬንያ አትቀልድም፤ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስር ይደርሳል። በፓርኮቹ ውስጥ ከሰኔ 2020 ወዲህ የሚጣል የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስም አይገባም። ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ቋጥሮ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል አድርጎ ለሚጓዝ ሕዝብ ይህ ከባድ ነው፤ ዘንቢል ይዞ መሄድ።

ብቻ አራቱ ጓደኛሞች ሒሳብ ከፍለው ሲነሡ ያ ባለ ስልኩ «በሉ እንግዲህ፣ ነገ 3 ሰዓት ትኬቱን እንቁረጥ» አለ።

«እሺ፣ የት?» አሉት በአንድ ድምፅ።