እርማት፦ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግስ አለን

ወንድሜ፣ «ኢትዮጵያ ውስጥ የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ የለም፤ ይውጣልን ብለን እንዘምት» ብለሃል። ሐሳብህ መልካም ነው። ብዙ ሰውም እንዲሁ ያስባል። ግን ሕጉ አለ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. አጽድቆታል። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊትም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነበረ። እሱ የግል ሕይወታችንን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምናደርገውን ግንኙነት ጭምር ያስከብራል።

በአዋጁ መሠረት መረጃህን የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚፈልገው ሊነግርህ ይገባል። ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መውሰድ የለበትም። አንተም ምን እንደያዘብህ መጠየቅና ስህተቱን ማሳረም ትችላለህ።

ይህን ባለማወቃችን እንጎዳለን። በቅርቡ አንድ ቢሮ የመታወቂያዬን ኮፒ ጠየቀኝ። «ለምን?» አልኩ። «አሠራር ነው» ተባልኩ። ሰጥቼ ወጣሁ። አሁንም ይቆጨኛል።

ለፋይዳ፣ ማለትም ለብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ስንመዘገብ ደግሞ የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል እንሰጣለን። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። አሻራ ግን አይቀየርም። ስለዚህ ጉዳዩ የዋዛ አይደለም።

እናም «ሕግ ይውጣ» ከማለት «የወጣው ይሥራ፣ ይጠንክር» ብንል ይሻላል። ተቆጣጣሪው ከማንም ተጽዕኖ ነጻ ይሁን። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም እንደ ግል ድርጅቱ እኩል ይጠየቅ። አቤቱታ የት እንደሚቀርብም ሕዝቡ በየቋንቋው ይነገረው። ለዚህ ከተነሳህ እኔም አብሬህ አለሁ።