«ሰው የነበረ አውሬ»፦ ስሙ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

አውሬው ወይም ጭራቁ ቀድሞ ሰው እንደነበረ የሚገለጥበት የትረካ ልማድ በብዙ አገር ተረት ውስጥ አለ። በአማርኛ «ሰው የነበረ አውሬ» ብለን እንጥራው ወይስ ጾታ የማይለይ ስም እንፈልግለት? ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል።

ተቃዋሚዋ፦ ለልጆች ተረት ሳነብ አንዲት ትንሽ ልጅ «አውሬው መጀመሪያ ምን ነበር?» አለችኝ። «ሰው ነበረ» አልኳት። ወዲያው «ሚስት ነበረችው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ወንድ ነው አላልኳትም፤ ግሱ ነገራት። አማርኛ «ነበረ» ሲል ወንድ ይቆማል፣ «ነበረች» ሲል ሴት ትቆማለች። «ሰው» የሚለው ቃል ራሱ እንኳ «ሰውየው» ሲባል ወንድ ብቻ ይሆናል፤ ሴቷን ለመጥራት «ሴትየዋ» እንላለን እንጂ «ሰውየዋ» የሚል የለም።

ተረቶቹን ግን ተመልከቱ። በሮማዊው ኦቪድ ግጥም ሜዱሳ ጸጉሯ እባብ ከመሆኑ በፊት በውበቷ የታወቀች ልጃገረድ ነበረች። በጃፓን የዶጆጂ ቤተ መቅደስ ተረት ኪዮሂሜ የሸሻትን መነኩሴ ስታሳድድ በንዴት እባብ ሆነች፤ የተደበቀበትን ትልቅ ደወል ተጠምጥማ በውስጡ እንዳለ አቃጠለችው። እነዚህን ሴቶች «ሰው የነበረ» በሚል ርእስ ሥር ስናስገባቸው በሌላ ሰው ስም እንደተመዘገቡ ይሆናሉ። እንግሊዝኛው «ዌርዎልፍ» የሚለው ስምም ይኸው ጉድለት አለበት፤ «ዌር» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ወንድ ማለት ነው። እኔ የምለው «ከሰውነት መውጣት» እንበለው ነው። ግሱ በዚህ መልኩ ሲነገር ጾታ የለውም።

የስሙ ጠበቃ፦ እህቴ፣ የልጅቷ ጥያቄ እኔንም ነክቶኛል። ፍርድዎ ግን «ሰው» ላይ ከበደ። በግዕዝ ወንዱ ብእሲ፣ ሴቷ ብእሲት ትባላለች፤ ሁለቱን የሚይዘው ሰብእ ነው፤ የእኛም «ሰው» የመጣው ከሰብእ ነው። እንግዳ ደጃፍ ቆሞ «ሰው የለም ወይ?» ብሎ ሲጣራ እናትም ልጅም ቢወጡለት ያገኘው ሰው ነው። ስለ ኪዮሂሜ ስንጽፍም «ሰው የነበረች» ማለትን ማን ይከለክለናል?

ያቀረቡት ስም ደግሞ ባለቤት አለው። «ከሰውነት ተራ ወጣች» የምንለው በሽታ አመንምኖ ስላከሳት ዘመዳችን ነው፤ ይህን ከአልጋዋ አጠገብ ቆመን በእንባ እንላለን። ያንን ቃል ወስጄ ለጭራቅ መስጠት አይሆንልኝም። «ነበረ» ግን ለዚህ ተረት የተፈጠረ ያህል ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4 ናቡከደነፆር ከሰዎች ተለይቶ እንደ በሬ ሣር ሲበላ፣ ጸጉሩ እንደ ንስር ላባ ሲረዝም፣ የሚያስፈራን ሣሩ አይደለም። ትናንት ንጉሥ መሆኑ ነው። «ነበር ለካ እንዲህ ቅርብ ኖሯል» የሚለው አነጋገር የዚህን ልማድ ልብ ይይዛል።

ተቃዋሚዋ፦ ስለ ታማሚዋ ያሉት ልክ ነው፤ ያንን ስም እተወዋለሁ። የሰብእ ነገር ግን አያሳርፈኝም፤ ቃል እያደር ይጠባል። እንግሊዝኛው «ማን» ድሮ ሴትንም ወንድንም ይይዝ ነበር፤ «ዌር» ከመንገዱ ሲጠፋ ወንዱ ገብቶ ቃሉን የራሱ አደረገው። «ሰውየው» የእኛ ቃል በዚያው መንገድ መጀመሩን ያሳያል።

ሩቅ ሳልሄድ ወደ ጅባችን ልመለስ። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወሬ በጎንደር አካባቢ በቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ተረቱ ሲነገር ግን የምሰማው «ጅብ ሆነ» ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ በስም ማጥፋቱ ተካፍላ በታሪኩ ትጠፋለች። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡት እንግሊዛውያን ናትናኤል ፒርስና ማንስፊልድ ፓርኪንስ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ስላለበት ጅብ ይወራ የነበረውን ጽፈዋል። ያ ጉትቻ የማን ነበር?

የስሙ ጠበቃ፦ ጉትቻው የሴት ላይሆን ይችላል፤ ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ጀግናም በጆሮው ሎቲ ያንጠለጥል ነበር። ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። እነዚያን ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ወደዚህ ስም በፍጹም አላስገባቸውም። እነርሱ ሰው «የነበሩ» አይደሉም፤ ያን ቀንም በማግስቱም ሰው ናቸው። ወሬው የበደላቸው «ሰው ነው» የሚባለውን «ነበረ» ስላለ ነው። «ነበረች» ብንለው ኖሮ በደሉ በአንዲት ፊደል አይቀልም ነበር። ስሙን ለተረት ፍጡራን ብቻ እንጠብቀው የምለው ለዚህ ነው።

ጾታን በሚመለከት ግን አሳምነውኛል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ቋንቋችን መውጫ አስቀምጦልናል፦ «ሰው የነበሩ»። ብዙንም ይይዛል፣ አንቱ የሚባለውንም ይይዛል፣ ወንድና ሴትንም አይለይም።

ተቃዋሚዋ፦ አውሬን አንቱ?

የስሙ ጠበቃ፦ ጅብን «አያ ጅቦ»፣ ጦጣን «እመት ጦጢት» ብለን ያሳደግን ሕዝቦች ነን። ለሚፈራውም ለምትወደደውም ማዕረግ ሰጥተናል። ሰው ለነበሩት ሲሆን እንነፍጋለን?

ተቃዋሚዋ፦ «አያ» ወንድ፣ «እመት» ሴት መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ማዕረጉም ከጾታ አላመለጠም። «ሰው የነበሩ» ግን ያመልጣል፤ እቀበለዋለሁ። ልጅቷ ተመልሳ ብትጠይቀኝ «ሰው ነበሩ» እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብላ እንደምትጠይቀኝ መስማት እፈልጋለሁ።