የእንጨት ወንበር ዘመኑ አልፏል ያለው ማን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ የእንጨት ወንበሮቹን በጨረታ ሊያስወግድ ነው። በምትካቸው ከውጭ የገቡ የቺፑድ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ የተጋገሩ ወንበሮች ይገዛል። ከውሳኔው ይልቅ ያናደደኝ ግን የኃላፊው ምክንያት ነው። የእንጨት ወንበር ዘመኑ አልፏል፣ ዓለም ጥሎት ሄዷል አሉ።

የቱ ዓለም? ጀርመን ተወልዶ ቪየና የሠራው አናጢ ሚካኤል ቶኔት 14 ቁጥር የሚባለውን ወንበር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። እስከ 1930 ብቻ 50 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። ዛሬም ይመረታል። የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ፊታውራሪ ሌ ኮርቡዚዬ እንኳ በ1925 ፓሪስ ላይ ላሳየው ቤት የመረጠው የቶኔትን የእንጨት ወንበር ነው። ኃላፊው ከሌ ኮርቡዚዬ በላይ ዘመናዊ ሆነው ነው?

ቶኔት እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ አጎበጠው። ወንበሩ 6 እንጨት፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነው። 36 ወንበሮች ተፈታተው 1 ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። እግሩ ቢሰበር እግሩ ይቀየራል፤ ወንበሩ አይጣልም። ዕድሜ የሰጠው ይሄ ነው።

የእኛ የጽድና የዋንዛ ወንበር አሠራሩ ሌላ ነው፤ በመሮ ተፈልፍሎ፣ በኮላ ተያይዞ የሚቆም ነው። መጠገኑ ላይ ግን አንድ ናቸው። እግሩ ሲላላ አናጢው ያወልቀዋል። የደረቀውን ኮላ ይፍቃል፣ ቀጭን ሽብልቅ ይመታበታል፣ ቫርኒሽ ይቀባዋል። በቃ። መንዝ ውስጥ የጠፍር አልጋ ሲረግብ ጠፍሩ ይወጠራል እንጂ ማን አልጋውን ይጥላል?

ቺፑዱን እስቲ ጠግኑት! ብሎኑ አንዴ ከተነቀለ ቀዳዳው ዱቄት ይሆናል፤ ተመልሶ አይጨብጥም። ወለል ሲወለወል ጠርዙን ውሃ ካገኘው ያብጣል፣ ይላጣል። ከዚያ ሌላ ግዥ፣ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ የሕዝብ ገንዘብ። የእንጨት ወንበሮቹ ከባድ ናቸውም ተብሏል። የቢሮ ወንበር የሚቀመጡበት እንጂ ተሸክመውት የሚዞሩት ነገር አይደለም!

ምስጥ የጨረሰው ይወገድ፣ እሺ። የቀረውን ግን ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ከከተማው አንድ አናጢ ጠርተው ያሳዩት። የጥገናውን ዋጋ ከአዲሱ ግዥ ጎን ጽፈው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉልን።