ውድ ገዝቶ ድሃ መምሰል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ሐበሻ እቁብ ሲወጣለት ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ወይ ለቤት ቅድመ ክፍያ ያስቀምጣል፣ ወይ አዲስ አበባ ለጀመረው ቤት ይልካል፣ ወይ ቶዮታውን በሌላ ቶዮታ ይለውጣል። ወዳጄ ግን ዕዳውን ከከፈለ በኋላ 500 ሜትር ውሃ ውስጥ የሚሠራ ሰዓት ገዛ። ዋና አይችልም።

ገዛ ከምል ጨምሮ ለወጠ ብል ይሻላል። በፊት የሚያስራት ታግ ሆየር አኳሬሰር ነበረች። የዋዛ ሰዓት አልነበረችም። ብረቷ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ሠርግ ላይ የቪዲዮው መብራት ካረፈባት ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው ያያሉ። እሷም ብትሆን 300 ሜትር ትጠልቃለች። 300 ለምን እንዳልበቃው ጠየቅኩት።

"ሰው ነገ የሚገጥመውን አያውቅም" አለኝ።

የሚሠራው መሀል ዋሺንግተን፣ ከመሬት በታች ያለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። እስካሁን በሥራ ምክንያት የጠለቀው እስከ ሦስተኛው ምድር ቤት ድረስ ነው።

ልውውጡ ቀን አጃቢ ሆኜ ሄድኩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ንግድ ሳያስተምሩት ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት በሰፈር "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ የሚያልፈውን ልጅ አስታውሱት። አሮጌ ሱሪ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ልጁ ሱሪውን ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ ጉልበቱ ጋ ያለውን መሳሳት ያያል፣ ዚፑን ይፈትሻል፣ ከንፈሩን ይመጣል። "እማማ፣ ይሄ እንኳን ሳፋ አያመጣም፤ ጆግ ልስጥዎት" ይላል። ያገለገለ የቅንጦት ሰዓት የሚነግደው ሰውም ያው ልዋጭ ነው። ሱፍ ለብሷል፣ ቡና ያቀርባል፣ ሌላው አንድ ነው። ታግ ሆየሯን ተቀበለ፣ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰካ፣ ወደ መብራቱ አነሣት። ከዚያ ምቷን የሚያዳምጥ መሣሪያ ላይ አስተኛት። ካርቶኗስ አለ? ወረቀቷስ? ተወልውላ ታውቃለች? ከንፈሩን መጠጠ። (ፈረንጅም ከንፈር እንደሚመጥ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።)

ግምቱ 1,200 ዶላር መጣ። ወዳጄ ሳፋ ጠይቀው ጆግ የተሰጣቸውን እማማ መሰለ። ቢሆንም ላዩ ላይ 1,800 ዶላር ጨመረና ያገለገለውን ቱዶር ፔላጎስ አስሮ ወጣ። መንገድ ላይ በስልኬ አሰላሁለት። ከ300 ወደ 500 ለመውረድ የከፈለው በሜትር 9 ዶላር ነው። ሒሳቡ ደስ አላለውም።

አሁን ስለ ሰዓቱ እውነቱን ልናገር፤ ሰዓቱ ጥሩ ሰዓት ነው። ቱዶርን የመሠረተው የሮሌክስ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ ነው፤ ስሙ የተመዘገበው በፈረንጆቹ 1926 ነው። ሐሳቡም የሮሌክስን አስተማማኝነት ረከስ ባለ ዋጋ መሸጥ ነበር። ፔላጎስ በ2012 ወጣ። በ2015 ደግሞ ቱዶር ራሱ የሠራው ሞተር ገባለት። ወዳጄ "ከ2015 ወዲህ ካልሆነ አልፈልግም" ሲል የሰማ ሰው ስለ መኪና የሚያወራ ይመስለዋል። ይህ ሁሉ ታሪክ ግን ክርስትና ቤት አያገለግልም። ክርስትና ቤት ጨዋታው አጭር ነው።

"ሮሌክስ ነው?"

"አይ፣ ቱዶር ነው። የሮሌክስ ታናሽ ወንድም በለው።"

"ታዲያ ታላቅየውን አትገዛም ነበር?"

ለዚህ ጥያቄ ስዊዘርላንድም መልስ ያላት አይመስለኝም።

ትልቁ ጣጣ ግን ታይታኒየሙ ነው። ታይታኒየም አይዝግም፣ ጠንካራ ነው፣ ከሁሉ በላይ ቀላል ነው። ብረት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8 ግራም ገደማ ሲመዝን እሱ 4.5 ነው። ሰዓት አፍቃሪ ለዚህ ቅለት ተጨማሪ ይከፍላል። እኛ ደግሞ ወርቅ በሚዛን ሲሸጥ እያየን ነው ያደግነው። የሰው ሰዓት ስንቀበል መጀመሪያ መዳፋችን ላይ ከፍ ዝቅ እናደርገዋለን። ከከበደ ኦሪጅናል ነው፤ ከቀለለ ቻይና ነው፤ ይግባኝ የለውም። ፔላጎሱን የተቀበለ ሰው ሁሉ ከፍ ዝቅ አደረገና በዝምታ መለሰ። ዝምታው የይሉኝታ ዝምታ ነበር። ቀለሙም አያግዘውም። ግራጫ ነው፣ ድብን ያለ ግራጫ። ቁጥሮቹና ዘንጎቹ ጨለማ ውስጥ ደስ የሚል ሰማያዊ ያበራሉ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ሠርግ በጨለማ አንደግስም። ምስክሩ የሦስተኛው ምድር ቤት መኪኖች ብቻ ናቸው።

ታይታኒየም ምን እንደሆነ አብጠርጥረው የሚያውቁት አማቱ ናቸው። ዳሌያቸውን ያስቀየሩት እዚሁ አሜሪካ ነው።

"ምንድነው ያልከኝ ልጄ?"

"ታይታኒየም ነው፣ እማዬ። ቀላል ነው፣ ቆዳም አይቆጣም።"

"እሱንማ አውቀዋለሁ፤ እዚህ አለኝ" ብለው ጎናቸውን መታ መታ አደረጉ። "ሐኪሙ ካንተ በጣም የሚበልጥ ነው የገጠመልኝ። ለመሆኑ ስንት ከፈልክ?"

ነገራቸው።

"እኔ ኢንሹራንሱ ነው የከፈለው" አሉና ስኒ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ኅዳር ላይ ከቅዳሴ መልስ ወዳጄ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። አማቱ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቀኑ መስኮት ጠጋ አሉ። ሰዓቱ 21 ይላል። "ዛሬ እኮ 12 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል! 21 ማርያም ናት" አሉት። የፈረንጅ ቀን መሆኑን ሊያስረዳቸው ሞከረ። አልተቀበሉትም። "3 ሺህ ዶላር አውጥተህ ሚካኤልን ከማርያም የማይለይ ሰዓት ገዛህ?" አሉ። ለነገሩ ጳጉሜን ላይ ምን እንደሚሆን ቢያዩ ኖሮ ይባስ ነበር።

ጥልቀቱን ደግሞ አስቡት። ጣና ትልቁ ሐይቃችን ነው፤ እጅግ የጠለቀው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሻላ ጥልቅ ነው፤ እሱም 266 ሜትር። ስለዚህ ወዳጄ ሻላ ውስጥ ቢገባ ታች መሬት ነክቶ ሰዓቱ ገና ሌላ 234 ሜትር ይቀረዋል። ባሕር እንዳልል ከ1993 ወዲህ ባሕር የለንም። ስለ ባሕር በር ማውራት ከተጀመረ ደግሞ ጨዋታው ስለሚበላሽ ልለፈው።

ከሰዓቱ ግራ ጎን ትንሽ ክብ ነገር አለች። ሂሊየም ማስወጫ ናት። የነዳጅ ማውጫ ሥራ ላይ የተሰማሩ ጠላቂዎች ግፊቱ ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ ቀናት ያሳልፋሉ። ሂሊየም ረቂቅ ስለሆነ በጎማው መሀል ሾልኮ ሰዓቱ ውስጥ ይገባል። ጠላቂው ወደ ውጭ ሊመለስ ግፊቱ ሲቀንስ የገባው ጋዝ መውጫ ካጣ መስታወቱን ፈንቅሎ ሊጥለው ይችላል። ማስወጫዋ ለዚህ ነው የተሠራችው። ወዳጄ ይህን በቡና ሰዓት ሲያስረዳ እጅግ ያምርበታል። እስካሁን ሂሊየም ያገኘው በልጁ ልደት ፊኛ ላይ ነው። ጠላቂዎቹስ ቢሆኑ? ዛሬ አብዛኞቹ የጠላቂ ኮምፒውተር ነው አስረው የሚወርዱት። እንዲህ ያለው ሰዓት የቀረው ለእኛ፣ ለደረቅ ምድር ሰዎች ነው።

አንድ ነገሩ ግን ልቤን ገዝቶታል፤ የማሰሪያው መቆለፊያ። ውስጡ ስፕሪንግ አለው። ጠላቂው ሲወርድ የሚለብሰው ወፍራም ልብስ በውሃው ግፊት ይሳሳል፤ ማሰሪያው ራሱ እየተሰበሰበ ይከተለዋል። ሲወጣ ደግሞ ይለቅለታል። ይህን የፈለሰፈው መሐንዲስ ስለ ባሕር አስቦ ይሆናል፤ የሠራው ግን ለኦርቶዶክስ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ይሰበሰባል፣ የፋሲካ ማግሥት ይለቃል።

ልክነቱንም አልክድም። የተመሰከረለት ነው፤ በቀን ቢዘገይ 4 ሴኮንድ፣ ቢፈጥን 6 ሴኮንድ። እኔ የማስራት የላስቲክ ካሲዮ በወር 30 ሴኮንድ ነው የምትስተው፤ ይህን አንሥቼበት አላውቅም፣ ወዳጅነት ይበልጣል። ብቻ 6 ሰዓት ቀጥረነው 7 ተኩል ሲመጣ 7 ተኩልነቱ በሴኮንድ የተረጋገጠ ነው።

ወደ ጉዱ ልመለስ። አዲስ አበባ ታናሽ ወንድም አለው። ውጭ ሀገር ወንድም ያለው ሰው የወንድሙን ዕቃ ገና ባለቤቱ ሳይጠግበው በሐሳቡ ይረከባል። ታግ ሆየሯን ከተረከበ ቆይቷል። በቪዲዮ በተደዋወሉ ቁጥር "ሰዓቴ ደህና ናት?" ይል ነበር። አሁን ነገሩ ወጣ።

"ሸጥካት?"

"አልሸጥኳትም፤ ለወጥኳት።"

"በምን?"

ወዳጄ ክንዱን ወደ ካሜራው አስጠጋ። ወንድምየው ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ ቀለሙ አልመጣልኝም" አለ።

"ቀለሙ ይሄው ነው።"

ስልኩ እንደተዘጋ ወንድምየው ለእናታቸው ነገረ። እናትየው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ላለች የእህታቸው ልጅ ደወሉ። በማግሥቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁሉ አወቀ፤ ልጁ ተቸግሮ ያቺን ቆንጆ ሰዓቱን ሸጦ የቆርቆሮ ሰዓት አስሯል። ሰዎች ሰላም ሲሉት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር። ሬስቶራንት ሒሳብ ሊከፍል ሲል እጁን ይይዙታል። መጀመሪያ እንደ ክብር ቆጥሮት ነበር።

የእቁቡ ዳኛም ደወሉ። "አንተ ልጅ፣ ችግር ካለ አትደብቀን" አሉት። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ወዳጄ ቀድሞ የወጣለት ነው፤ ገና ብዙ ዙር መክፈል ይቀረዋል። እቁብ የበላ ሰው ሲቸገር የሚያመው ያልበላውን ነው።

እሑድ ስብሰባው ሞላ። እንደ ልማዳችን ለአስተያየት በነፍስ ወከፍ 3 ደቂቃ ተፈቀደ። ወዳጄ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ቀጭ ቀጭ አድርጎ አዞረና መቁጠር ጀመረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለበቷ ለቁም ነገር ዋለች። ይህች ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምትዞረው። ድንገት ብትነካም ያለፈውን ጊዜ ታበዛለች እንጂ አታሳንስም፤ ጠላቂው አየር ሳያልቅበት እንዲወጣ። ተናጋሪያችን ግን አየር የሚያልቅበት ዓይነት አልነበረም። 14ኛው ደቂቃ ላይ ወዳጄ ክንዱን ከፍ አድርጎ አሳየው። ሰውየው አይቶ፣ "ያ ሰዓት ደግሞ ቆሟል መሰለኝ" ብሎ ቀጠለ።

ይሄኔ ወዳጄ ትዕግሥቱ አለቀ። ተነሣ። እንዳልተቸገረ፣ ይህ ሰዓት ከፊተኛው እጥፍ በላይ እንደሚያወጣ፣ ታይታኒየም መሆኑን፣ ታላቅ ወንድሙ ሮሌክስ መሆኑን ዘረዘረ። ማንም አልተነፈሰም። ከኪሱ ደረሰኙን አወጣና ለዳኛው ሰጣቸው። ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡት። 3 ሺህ የሚለው ጋ ሲደርሱ ቅንድባቸው ተነሣ። ወዳጄ ደረቱን ነፋ። ትንሽ ወረድ ብለው አንድ ቃል ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ያገለገለ ነው የሚለው?"

"አዎ ጋሼ፣ ግን..."

"አዲስ አይደለም?"

"አይደለም፣ ግን በዚህ ዓይነት ሰዓት..."

ዳኛው ደረሰኙን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱለት። ቤቱ በሐዘኔታ አጉረመረመ። አንዲት እናት "እኔ ፊቱን አይቼ ነው ያወቅኩት" አሉ። ወዲያው ሐሳብ ቀረበ፣ ተደገፈ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የወዳጄ የሁለት ወር መዋጮ እስኪቋቋም ይዘግይለት።

ወዳጄ ሊከራከር አፉን ከፈተ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ያቺን 1,800 ያስገባባትን ክሬዲት ካርድ አስታወሰ መሰለኝ አፉን መልሶ ዘጋው። ከዚያ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ።