የሻገተ በርበሬን እርድ አያድነውም

ባለፈው ሳምንት ዛላ በርበሬ ልገዛ ደሴ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ሐምሌ ነው፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኗል። የበርበሬው ቅላት ዓይን ይስባል። ስጨብጠው ግን ኮሽ አይልም፤ እንደ ቆዳ ይታጠፋል። አንዱን ዛላ ከወገቡ ሰበርኩት። ከውጭ እንከን የለውም። ውስጡ ፍሬው ላይ ግን ግራጫ ነገር እንደ ሸረሪት ድር አድርቶበታል።

አሳየሁት። «አብሽሪ እቴ» አለኝ ነጋዴው። «ስትደልዢው እርድና ጥቁር አዝሙድ ጨምሪበት፤ መርዙን እሱ ይገድለዋል።»

ሰውየው ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ እውነት ይዟል።

በርበሬ፣ ለውዝ፣ በቆሎና ማሽላ ላይ የሚወጣ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ አለ። አንዳንዱ ዝርያው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በ1996 ዓ.ም. በዚህ መርዝ የተበከለ በቆሎ 125 ሰው ገድሏል። በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ጉበት መርዙን ላስወግድ ብሎ ሲሰባብረው የባሰ ነገር ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ ሕዋሱ ውስጥ ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋል። በዚያ ላይ ሕዋሱን እንደ ዝገት የሚበላ ጉዳት አለ።

እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንና ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ፣ እንዲህ ያለውን ዝገት የሚከላከሉ ነገሮች ናቸው። ላብራቶሪ ውስጥ በሕዋሳትም በአይጦችም ላይ ይህን ጉዳት ሲቀንሱ ታይቷል። ሕዋሱ ራሱ የሚሠራው ግሉታታዮን የሚባል መከላከያ አለ። መርዙን ይዞ የሚያስወጣው እሱ ነው፤ ኩርኩሚንና ታይሞኪኖን ያግዙታል። እስከዚህ ነጋዴው ልክ ነው።

ግን ሲቀንሱ እንጂ ሲያጠፉ አልታየም። ለአይጧ የሚሰጣት ተጣርቶ፣ በሚዛን ተለክቶ ነው። እኛ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ቁንጣሪ ነው። ከ100 ግራም እርድ ኩርኩሚኑ 3 ግራም ቢሆን ነው፤ ከዚያም ወደ ደም የሚገባው ኢምንት። ማቁላላቱም አይረዳም፤ አፍላቶክሲን ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይችላል።

እርድን ልነቅፍ አይደለም፣ አልጫ ያለ እርድ ምን አልጫ ነው! የሚያናድደኝ የነጋዴው ጥፋት ወደ ማጀት መዛወሩ ነው። ዛላው እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲያነሳ ውሃ የሚረጭበት አለ። ረጭቶ ማዳበሪያ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ሻጋታ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እናቴ የደሴን ጉም ስለማታምን በርበሬዋን ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ልካ ታሰጣ ነበር። ለትራንስፖርት ታወጣለች እንጂ «እርድ አለ» አትልም ነበር።

ወተቱም ያው ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ሲመረመር ሁሉም ላይ ይኸው መርዝ ተገኝቷል፤ ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነው። ለላሟም እርድ እንበጥብጥላት?

ከተማው ገበያ ላይ ሚዛን ይቆጣጠራል። የእርጥበት መለኪያም ይጨምርበት፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። እርጥብ በርበሬ ይመለስ፣ ደርቆ ይምጣ።

እኔ ሳልገዛ ዞርኩ። ነጋዴው የሰበርኩትን ዛላ አንስቶ መልሶ ክምሩ ላይ ጣለው።