ለደላላው የተዘረጋው እጅ ለልጁ ለምን ታጠፈ?

ሚላኖ፣ ሮማ፣ ፍራንክፈርት፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስቆጣ ራሴንም ጨምሬ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ።

በ2025 መጀመሪያ ላይ ከሊቢያ ኩፍራ የወጣውን ፎቶ አይታችሁታል። እጅ እግሯ ታስሮ፣ አፏ ተሸብቦ መሬት ላይ የተጣለች የእኛ ልጅ። አለቀስን፣ ለየጓደኛው ላክን፣ “ኧረ የወገን ያለህ” አልን። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐበሻን ማን ብሎት! ቲክቶክ ላይ ላይቭ ይከፈታል፣ ጎፈንድሚ ይከፈታል፣ ዕቁብተኛው ተራው ሳይደርስ “ቀድሜ ላውጣ” ብሎ ይለምናል። ገንዘቡም በሐዋላ ይሄድና መዝራ (ደላሎች ስደተኛ አጉረው ቤዛ የሚጠይቁበት ግቢ) ውስጥ ልጅ አስሮ ለሚገርፈው ሰው ይደርሳል። ልጇ ሲጮኽ በስልክ ለምትሰማ እናት “አትክፈዪ” የምልበት አንጀት የለኝም። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያው ልጅ ከባሕር ተርፎ፣ የጣልያኗ ደሴት ላምፔዱዛ ወርዶ፣ ባቡር ተሳፍሮ እኛ ከምንኖርበት ከተማ ሲደርስ የት ነው የምንገባው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በብርዱ ወራት፣ ሚላኖ ፖርታ ቬኔዚያ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት መንገድ ላይ አንድ ልጅ ቆሞ አየሁ። 15 ቢሆነው ነው። በካልሲ ላይ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጓል። የምግብ ቤቱ በር ተከፍቶ የወጡ ሽታ ሲወጣ አንድ እርምጃ ይጠጋል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። ውስጥ የተቀመጥነው በመስታወቱ እናየዋለን፤ አይተን ወደ ትሪያችን እንመለሳለን። መጀመሪያ የተነሳችው አስተናጋጇ ናት፤ እንጀራ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው። እኔ የወጣሁት እሷ ስትመለስ በዓይኗ ስለገረፈችኝ ነው።

ልጁ ቀበቶውን ፈትቶ ገለበጠልኝ። በውስጥ በኩል በእስክሪብቶ የተጻፈ ስልክ ቁጥር አለ፣ ላብ አደብዝዞታል። የጠፉትን ሁለት አሃዞች በቃሉ ሞላልኝ። በረሃውን፣ መዝራውንና ባሕሩን አብሮት ያለፈው ያ ቁጥር የፍራንክፈርት ነው፤ የእናቱ ታናሽ እህት። ደወልኩ። ልጁ ስሙን እንድነግራት አስጠናኝ፣ ነገርኳት። “ተሳስተዋል፣ እንዲህ የሚባል ልጅ አላውቅም” አለችኝ። ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርና ልጁ ጎንበስ ብሎ “አክስቴ፣ እኔ ነኝ እኮ” አለ። ተዘጋ።

ከሊቢያ ያስለቀቀችው እሷ ናት። ቀሪውን ገንዘብ የላከችው እሷ ናት። ለአሳሪው ከፍላ ለታሳሪው “አለሁ” ማለት አቃታት።

ክፉ ሴት ናት አትበሉ፤ ፈርታ ነው። ጥገኝነት ስትጠይቅ በሰጠችው ቃል ውስጥ እህቷ፣ የልጁ እናት፣ ሳትጠቀስ ቀርታ ይሆናል። ጆብሴንተር (ድጎማ የሚሰጠው የጀርመን መሥሪያ ቤት) “ቤትሽ ውስጥ ማን አለ?” ይለኛል ብላም ይሆናል። ይህን ፍርሃት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወረቀት ይዘን እንኳ ፖስታ ሳጥን ስንከፍት እጃችን ይንቀጠቀጣል። ግን ፍርሃቱን ይዘን ጠበቃ ጋ የሄድን ስንቶቻችን ነን? ቡና ላይ ያወራነውን ነው እንደ ሕግ የያዝነው።

ሕጉማ እንዲህ ነበር። “ደብሊን” እያልን ስንረግመው የኖርነው፣ በ2013 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የጥገኝነት ደንብ፣ አንቀጽ 8 ላይ ብቻውን የመጣን ልጅ ለብቻ ያየዋል። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ፣ እነሱ ከሌሉ አክስቱ፣ አጎቱ ወይም አያቱ በሌላ የአባልነት አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ከሆነ፣ ሊንከባከቡት እንደሚችሉ ከታየና ለልጁ የሚበጀው ያ ከሆነ፣ ጉዳዩ ወደዚያ አገር ይዛወራል። ደንቡ በአዲስ ቢተካም የዘመድ ነገር አልተሰረዘም። ልጁ በጭነት መኪና ሆድ ሳይሆን በአውሮፕላን፣ ከኪሱ ሳያወጣ ይሄዳል ማለት ነው። ከአክስት የሚፈለገው የፈቃድ ፊርማ፣ የዝምድና ማስረጃና ቤቷን ሊያይ ለሚመጣ ሰው በር መክፈት ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ አዎ። ከባሕሩ ግን አይረዝምም። አንድ ነገር ልጨምር፦ እኛ አገር የጎረቤት ልጅ ሁሉ አክስቴ አጎቴ ይለናል፤ ሕጉ አክስት አጎት ብሎ የሚያውቀው የእናትና የአባትን ወንድም እህት ብቻ ነው፣ የአክስት ልጅ አይቆጠርም። ሳታጣሩ “አጎቱ ነኝ” ብላችሁ ገብታችሁ ልጁን ወራት እንዳታስጠብቁት።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆማችሁ ምክር ወደምትለግሱት። “ዕድሜህን ከፍ አድርገህ ተናገር፣ ኮሙኒታ (የልጆች ማቆያ) አስገብተው ይቆልፉብሃል። አሻራ አትስጥ። ጣልያን ምንም የላትም፣ እለፍ።” እናንተን ያኔ ጠቅሟችሁ ይሆናል፤ ለልጅ ግን መርዝ ነው። በ2017 የወጣው የጣልያን ሕግ ቁጥር 47፣ በአመንጪዋ ስም ዛምፓ የሚባለው፣ ብቻውን የመጣን ልጅ ከድንበር መመለስን ይከለክላል። ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም፣ ሕጋዊ ሞግዚት ይገባዋል ይላል። 18 ሲሞላው ገና ራሱን ካልቻለም የልጆች ፍርድ ቤት እስከ 21 ዓመቱ እንዲታገዝ ሊወስንለት ይችላል። ሕጉ እንደተጻፈ ይሠራል እያልኩ አይደለም፤ ሶጆርኖው ይዘገያል፣ ኮሙኒታው ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ይሆናል፣ ልጁም “ተረሳሁ” ብሎ ያኮርፋል። ቢሆንም “20 ዓመቴ ነው” ያለ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጥሎታል፣ ቃሉን ያቀበልነውም እኛ ነን።

በጃንዋሪ 2016 የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል እንደገመተው ብቻቸውን ከመጡት ልጆች ቢያንስ 10,000ዎቹ አውሮፓ ከገቡና ከተመዘገቡ በኋላ የደረሱበት ጠፍቷል፤ ግማሽ ያህሉ የጠፉት ጣልያን ውስጥ ነው። ባሕሩ አልበላቸውም፣ የጠፉት በደረቅ ምድር ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከጣልያኗ የድንበር ከተማ ከቬንቲሚሊያ ወደ ፈረንሳይ በአውራ ጎዳና በእግሯ ስትሻገር የነበረች አንዲት ኤርትራዊት ልጅ ማንቶን አቅራቢያ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላት። ሰሃራንና ሜዲትራንያንን ያለፈች ልጅ!

አባ ሙሴ ዘርአይን ታውቋቸዋላችሁ። በ1992 ገና ጎረምሳ ሳሉ ብቻቸውን ከአስመራ ሮም የገቡ ናቸው። ኋላ ካህን ሆኑ፣ የእጅ ስልካቸው ቁጥር በሊቢያ እስር ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጻፈ። ባሕር ላይ ከተጨነቀ ጀልባ ሲደወልላቸው ያለበትን ለጠረፍ ጠባቂዎች ያስተላልፉ ነበር። የእሳቸው ስልክ ለባሕር መሐል ይነሳ ነበር፣ የእኛ ለፖርታ ቬኔዚያ አይነሳም።

ጣልያን ያላችሁ፣ 25 ዓመት የሞላችሁ፣ ሶጆርኗችሁ የተስተካከለና ቋንቋውን የምትችሉ፣ በፈቃደኛ ሞግዚትነት መመዝገብ ትችላላችሁ፤ የጣልያን ዜግነት ግድ አይደለም። የክልሉ የልጆች መብት ጠባቂ ቢሮ ያሠለጥናችኋል፣ ፍርድ ቤት ይሾማችኋል። ልጁ ቤታችሁ እንዲያድር፣ ከኪሳችሁ እንድትቀልቡት የሚያስገድዳችሁ የለም። ኩዌስቱራ (ፖሊስ ጽሕፈት ቤት) አብራችሁት ትሰለፋላችሁ፣ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ትፈርማላችሁ፣ ሐኪም ዘንድ አጠገቡ ትቀመጣላችሁ። እኔ በሠለጠንኩበት ክፍል ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ነበሩ። ሐበሻ እኔ ብቻ። በዕረፍት ሰዓት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ተጠግተው “እንደምን አደርክ” አስተምረኝ አሉኝ። በላቲን ፊደል ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ደጋግመው አሉት፣ “ምን”ን እየሳቱ ሳቁ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ልጁ የደረሰበትን በጣልያንኛ አይናገረውም፤ በምልክት የሚነገርም አይደለም። አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፣ ግን ደግሞ ከእኛ አስተርጓሚ የሚሸሹ ልጆች አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ጠዋት የሰማነውን ቅዳሜ ቡና ላይ እናወራዋለና። ዳቦ ሳንሰጠው “ከየት ነህ?” እንለዋለን፤ የምንጠይቀው ከተማውን ቢመስልም የምንለካው ሌላ እንደሆነ ልጁ ያውቃል። ይህን አመል አገር ቤት ትተነው መምጣት ነበረብን።



እኔስ ያን ምሽት ምን አደረግሁ? እራት አበላሁት፣ ሃያ ዩሮ ሰጠሁት፣ “ነገ ጠዋት የልጆች ቢሮ እወስድሃለሁ፣ ጣቢያው ጋ ጠብቀኝ” አልኩት። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ ባዶውን ነው የሚያድረው። ያንኑ ምሽት ፖሊስ ጋ ወይም የልጆች ማደሪያ ይዤው ብሄድ አንድ ሰዓት አይፈጅም ነበር፤ ደክሞኝ ነበር፣ ዘነበ፣ ነገ አልኩ። ጠዋት ስሄድ የለም። “ወደ ቬንቲሚሊያ ሄደ” አሉኝ ጣቢያው ጋ የሚያድሩት ልጆች፣ ከካርቶናቸው ቀና ብለው። ሞግዚትነት የተመዘገብኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ አታመስግኑኝ።

ከአንድ ወር በኋላ የፍራንክፈርቱ ቁጥር ደወለልኝ። “ያን ዕለት ቤቴ ሰው ነበረ” አለች፣ ሳልጠይቃት። ከዚያ ዝም። ኋላ ልጁ እኔ ጋ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ የሆነውን ነገርኳት። አለቀሰች፣ ጠበቅኋት። “ቁጥሩ ቀበቶው ላይ ጠፍቶበት ይሆን?” አለችኝ።

“የጠፉትን ሁለቱን በቃሉ ያውቃቸዋል” አልኳት።