ከመጠለያ የሚወጣ ውሻ፣ ከጎረቤት የሚመጣ ቡችላ

ውጭ አገር ከእንስሳት መጠለያ ውሻ ወይም ድመት ሊወስድ የሄደን የአገራችንን ሰው መጀመሪያ የሚያስገርመው የጥያቄው ብዛት ነው። ቤቱ የግል ነው ወይስ የኪራይ? አከራዩ በጽሑፍ ፈቅዷል? እንስሳው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል? መንገድ ስትሄዱ ማን ይይዝላችኋል? ጥያቄው ለይስሙላ አይደለም። ውሻ ወደ መጠለያ የሚመለሰው ሁልጊዜ ተናካሽ ሆኖ አይደለም፤ አከራይ ከልክሎ፣ የሥራ ሰዓት ተቀይሮ፣ ወይም ልጅ አለርጂ ይዞት ነው ብዙው። አስቀድሞ መጠየቅ እነዚህን ያስቀራል።

አገር ቤት ቡችላ የሚመጣው ከጎረቤት ነው። ይህ የራሱ ጥቅም አለው፤ እናቲቱ እዚያው ስላለች ጠባይዋን በዓይን አይቶ መምረጥ ይቻላል። መጠለያ ውስጥ ግን በጩኸትና በጭንቀት መሀል ያለ ውሻ እውነተኛ ጠባዩን አያሳይም። ችግሩ ቡችላው ገና ጡት ሳይጥል መወሰዱ ነው። 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ቡችላ ሲጫወት ጥርሱን ምን ያህል ማሳረፍ እንዳለበት በቅጡ አይማርም። ያንን የሚያስተምሩት ሲነክሳቸው የሚጮኹትና ጨዋታውን የሚያቋርጡት ወንድሞቹ ናቸው።

ከውጭው አሠራር ልንወስደው የሚገባው ሕንፃውን አይደለም። እንስሳው ለሰው ከመሰጠቱ በፊት የሚሠሩት ነገሮች ናቸው፦ ክትባት፣ ማምከን (እንዳይወልዱ በቀዶ ጥገና ማድረግ)፣ መለያና ውል። አንዳቸውም የግድ መጠለያ አይፈልጉም።

ክትባቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «አንዴ ተወግቷል» ብሎ መዝጋቱ ነው። ቡችላ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው የመከላከያ አቅም ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል፤ ይህ አቅም መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ ቡችላን የሚገድሉት የሁለቱ የቫይረስ በሽታዎች፣ የፓርቮና የዲስቴምፐር፣ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። በመሀል ያቋረጠ ሰው ቡችላው በደም ተቅማጥና በትውከት ሲሞትበት «ተከትቦ ነበር እኮ» ይላል። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ቡችላ የሞተበት ግቢ ውስጥ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ወዲያው ማስገባት ያንኑ መድገም ነው። ሲሚንቶው ወለል በሳሙና ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፈስበትና 10 ደቂቃ ይቆያል። አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል።

ማምከን ላይ የሚነሳው ስጋት «ውሻው ይሰንፋል፣ ግቢ አይጠብቅም» የሚል ነው። ሲኮላሽ የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ መዞሩ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መጮኹን አይተውም። ሳይታሰብ መውለዳቸውም ቅርብ ነው፦ ሴት ውሻ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው፤ ድመት ደግሞ ገና በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን መዝለልም መታጠብም የለም። ስፌቱን እንዳይልሱት አንገታቸው ላይ የሚጠለቀውን ከለላ አዝኖ ማውለቅ ቁስሉን ያስከፍታል።

ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ በትከሻ አጥንቶች መሀል ከቆዳ ሥር የምትገባ ነገር ናት። ባትሪ የላትም፣ የጠፋ ውሻ የት እንዳለ አትጠቁምም፤ የያዘችው በማንበቢያ መሣሪያ የሚነበብ፣ መዝገብ ላይ ከባለቤቱ ስልክ ጋር የሚያያዝ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ባለቤቱ ስልኩን ቀይሮ መዝገቡን ካላስተካከለ ዋጋ የላትም። ማንበቢያው መሣሪያ በሌለበት፣ ስልክ ቁጥር የተቀረጸበት የአንገት ማሰሪያ ይበልጣል። ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ለሚያድግ ቡችላ በየሳምንቱ ይለካ፤ በቡችላነቱ ታስሮ የተረሳ ገመድ ቆዳውን በልቶ ሥጋ ውስጥ ይቀበራል።

አዲስ እንስሳ ቤት ሲገባ ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ያጥቡታል፣ እንግዳ ይጠሩለታል፣ ምግቡን ይቀይሩለታል። ጸጥ ያለ አንድ ክፍል ይበቃዋል። ምግቡ የለመደው ይሁን፤ መቀየር ካስፈለገ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ፣ በሩብ በሩብ እየተቀላቀለ። አለበለዚያ ተቅማጥ ይከተላል። አልጋ ሥር የተደበቀች ድመት አትጎተትም፤ ምግብና ውኃ አጠገቧ ይቀመጥላታል። ሙሉ ቀን ካልበላች ግን ሐኪም ጋ መደወል ነው፤ ድመት ጾሟን ስትሰነብት ጉበቷ ይጎዳል።

ውጭውም ሁሉ ነገሩ የተስተካከለለት አይደለም። ቦታ የሞላባቸው መጠለያዎች ጤነኛ ውሻ በመርፌ የሚገድሉበት ጊዜ አለ፤ ያሳዝናል። አገር ቤት በመንገድ ውሾች ላይ መርዝ መበተን ግን ከጭካኔው በላይ ለታሰበለት ዓላማም አይሆንም። የተገደሉት ውሾች ቦታ ላይ ያልተከተቡ ሌሎች ይገቡበታል። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው በአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው። ውሻ ከነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬዳል። ውሻውን ቀጥቅጦ ከመግደል ይልቅ ለ10 ቀን አስሮ መከታተል ይሻላል፤ ከዚያ በኋላም ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው።

የመጠለያው ውል ውስጥ ደግሞ አንድ ጥሩ አንቀጽ አለ፦ ማሳደግ ያቃተው ሰው እንስሳውን ለሦስተኛ ሰው አይሰጥም፣ መንገድ ላይም አይጥልም፤ ለሰጠው ይመልሳል። ቡችላ ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው ይህንኑ በቃል ተናግሮ፣ ከክትባት ደብተሩ ጋር ስልኩን ጽፎ ቢሰጥ ምንም ገንዘብ አያወጣም።